የእማዬ አንገት
ዛሬ እማዬን ይዤ ከኮዬ ፈጬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የታክሲውን ሰልፍ ተዉት። ሦስት ወር ሙሉ «ብርድ መቶኝ ነው» እያለች አንገቷን በነጠላ ጠቅልላ ከረመች። ወጌሻ ጋ ልትሄድ ስትነሳ ነው እጇን ይዤ ያስቀረኋት።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየን። አንገት 7 አጥንቶች አሉት። በመሃላቸው እንደ ትራስ የተነጠፈው ዲስክ በዕድሜ ውሃው እየደረቀ ይሳሳል፤ አጥንቱም ዳር ዳሩን ትርፍ ያበቅላል። «እማማ፣ እንደ ሽበት ቁጠሪው» አላት። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ አብዛኛው ሰው ራጅ ቢነሳ ይታይበታል፤ ብዙዎቹን ግን አያማቸውም። እማዬም ቀበል አድርጋ «ታዲያ እኔን ለይቶ የሚያመኝ ምን በድዬው ነው?» አለች። ሐኪሙም ሳቀ። ጥያቄዋ ግን ልክ ነው።

ፊዚዮቴራፒ፣ ሙቅ ፎጣ፣ ለጥቂት ቀን ማስታገሻ ታዘዘላት። የአንገት ድጋፍ ገዝቼላት ነበር (ብሬን በላው!)፤ ለካ ሁልጊዜ ከታሰረ ጡንቻውን ያሰንፋል። አንገት ማስጠምዘዝ ደግሞ ክልክል ነው፤ የበቀለው አጥንት ነርቭ ወይም ህብለ ሰረሰር ሊጫን ይችላል። እጅ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው፣ እግር ከተንገዳገደ፣ ሽንት አልቆጣጠር ካለ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አሁን እሷ አገጯን ወደ ኋላ እየሳበች ስፖርቷን ትሠራለች፤ እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ይሄን እጽፋለሁ።

«አንተ ልጅ፣ የማን አንገት ነው የታመመው?» አለችኝ።