ቲማቲሙን የሚበላው የትኛው ትል ነው?

ቢሾፍቱ ጓሮዬ ውስጥ ሮማ ቲማቲም ተክያለሁ። በዚህ በጋ የያዝኩት ትምህርት ትሎቹን ለይቶ ማወቅ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ ጓሮ ላላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን መጀመሪያ የማየው ትሉን ሳይሆን የበላበትን ቦታ ነው። ትሉ ይደበቃል፣ ጉዳቱ ግን ፊት ለፊት ይታያል።

ችግኝ እንደተተከለ ሰሞን የሚመጣው ቆራጭ ትል ነው። ማታ ደህና የነበረው ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ አጠገብ ተቆርጦ ይገኛል። ቀን ቅጠል ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ጫር ጫር ስታደርጉ አፈር የመሰለ ወፍራም ትል ይወጣል፤ ሲነኩት ጥቅልል ይላል። ለጓሮ በእጅ መልቀም ይበቃል።

ፍሬ ሲመጣ ደግሞ ጓይ ትል አለ። በእኛ አካባቢ ሽምብራ የሚዘሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ቀለሙ አያስተማምንም፤ አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ቀላ ያለም ሆኖ ይገኛል። እኔ የምለየው በጎኑ ርዝመት በሚሄደው ነጣ ያለ መስመርና በቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ክብና ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን ፍሬው ውስጥ ቀብሮ ግማሽ አካሉ ውጪ ይቀራል። አድጎ ሲጨርስ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የሚያናድደው አንዱን ፍሬ ሳይጨርስ ወደ ሌላው መሄዱ ነው፤ አንድ ትል ብዙ ቲማቲም ያበላሻል።

ከሁሉም ብዙ ያስጠናኝ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የትንሽ የእሳት እራት ትል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን እኛ አገር የገባው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ትሉ ቢያድግ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚኖረውም በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መሃል ነው። ውስጡን ይበላና ስስ ቆዳውን ይተወዋል። ቅጠሉን ቀጥፋችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት። የተበላው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጥቁር ኩስ አንድ ጥግ ተጠራቅሞ ይታያል፣ ትሉም ውስጥ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። በአጉሊ መነጽር ካያችሁት ከጭንቅላቱ ኋላ ጠቆር ያለ ጠባብ መስመር አለው። ይህን መስመር በግልጽ ያየሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠል ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀጭን ነጭ መስመር ካያችሁ ቱታ አይደለም። የትንሽ ዝንብ እጭ ነው፤ ጉዳቱም ቀላል ስለሆነ እኔ እተወዋለሁ። የቱታ ግን ሰፊ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና ቅጠሉን ያደርቀዋል። ፍሬም ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከቆቡ (ፍሬው አናት ላይ ካለው አረንጓዴ ቅጠል) ስር ስለሆነ ቆቡን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያክላል።

ይህን ሁሉ የምለፋው መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ቱታ ቅጠል ውስጥ ስለሚቀመጥ ላይ ላዩን የተረጨ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ ብዙ መድኃኒቶችንም ተላምዷል። እኔ የተጎዳውን ቅጠል ቀጥፌ ፌስታል ውስጥ እቋጥርና ፀሐይ ላይ አኖረዋለሁ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አልጥለውም። አጠገቡ ድንች ካላችሁ ቅጠሉን አብራችሁ ፈትሹ፤ ቱታ ድንችም ይወዳል። ጓይ ትል ላይ ግን ፍሬ ውስጥ ሳይገባ መድረስ ነው ዋናው። ከገባ በኋላ ፍሬውን ከነትሉ ለቅሞ ማስወገድ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ አሁን የምለማመደው የጓይ ትልን እንቁላል ማየት ነው። የትሉ እናት የሆነችው የእሳት እራት አንድ በአንድ ነው የምትጥለው፣ በተለይ አበባ አካባቢ ያሉ የላይኛው ቅጠሎች ላይ። ነጣ ያለች፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ነገር ናት። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ አበባ የያዙትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አያለሁ። ከእናንተ ውስጥ በዚህ የለመደ ካለ እንዴት እንደሚፈልግ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።