«በሰዓት ስንት ይከፍሉሻል?»

ደሴ አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ ጓደኞቼ ሰሞኑን በቴሌግራም ይህን ጠየቁኝ። «15 ዶላር» አልኳቸው። ወዲያው በ40 ሰዓት፣ በ4 ሳምንት፣ ከዚያ በብር አባዝተው ሀብታም አደረጉኝ። 40 ሰዓት የሚሰጠኝ ግን ከዓመቱ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ከሚከበረው ታንክስጊቪንግ እስከ ፈረንጆቹ ገና ኦቨርታይም ሳይቀር አለ፤ እግር ያብጣል፣ ገንዘብ ይገባል። ጃንዋሪ ሲመጣ ሰዓት ይቆረጣል። 600 ዶላር የነበረው ሳምንት 285 ይሆናል፤ ያውም ታክሱ ሳይነሳለት። የሰዓት ክፍያዬ ያው 15 ስለሆነ ደሞዝሽ ተቀነሰ የሚለኝ የለም።

እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ አንድ ቀን አለ። 4 ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍተን፣ ገና 6 ሰዓት ሳይሞላ፣ ተማሪዬ ሊሆን የሚችል ልጅ ማናጀር ፈገግ እያለ መጣና «ዛሬ ደንበኛ የለም፣ ክሎክ አውት አድርጊና ሂጂ» አለኝ። እኔ ክፍል ስገባ ተማሪ ብድግ ይል ነበር! የመምህር ደሞዝ ትንሽ ናት፤ ግን ዛሬ ተማሪ አልበዛምና ቤትሽ ግቢ ያለኝ ርዕሰ መምህር አልነበረም። ወንዙን ተሻግሬ ዲሲ ብሠራ ኖሮ ሕጉ ለመጣሁበት ቢያንስ የ4 ሰዓት ያስከፍልልኝ ነበር። ቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የላትም።

የዚያን ሳምንት የእቁብ መዋጮዬን መክፈል አልቻልኩም። ለሰብሳቢዋ ደውዬ «በሚቀጥለው ደርቤ ልስጥ» ስላት «አይዞሽ እህቴ፣ ሱቅ የሚሠሩት ሁሉ እንዲሁ ብለውኛል» አለችኝ። ገበያው መቀዝቀዙን እቁባችን ከዜናው ቀድሞ አውቆታል።

የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓርብ፣ መግለጫ ያወጣል። ዜናው ጮክ ብሎ የሚያወራው ስንት ሰው እንደተቀጠረና የሰዓት ክፍያ ስንት እንደደረሰ ነው። እኔ ዓይኔ የሚሄደው የችርቻሮ ሠራተኛ የሳምንት ገቢ ላይ ነው፤ ሰዓት ሲቆረጥ እሱ ይቀንሳልና። በግሉ ዘርፍ በጠቅላላ አማካዩ በሳምንት 34 ሰዓት ገደማ ሲሆን የእኛ ግን 30 አካባቢ ነው። ገበያ የቀዘቀዘበት አሠሪ ወዲያው ሰው አያባርርም፤ መልሶ መቅጠርና ማሠልጠን ያስወጣዋልና ሰዓት ይቆርጣል። ሁላችንም ሥራ እንዳለን እንቆጠራለን፤ ማቀዝቀዣችን ግን ባዶ ነው። ቢሮው በየዓመቱ የሚመጣውን የጃንዋሪ ቅናሽ ከስሌቱ አውጥቶም ያ የሳምንት ገቢ ከወረደ፣ ነገሩ የወቅት ጉዳይ አይደለም።

እዚህ አገር የሥራ ባልደረባን ደሞዝ መጠየቅ ነውር ነው። እኛ ደግሞ ጤና ሳንጠያየቅ ደሞዝ እንጠያየቃለን። በዚህ የእኛው ይሻላል፤ አንዷ ባልደረባዬ እኩል ሠርተን የበለጠ እንደሚከፈላት ያወቅሁት ደፍሬ ስለጠየቅኋት ነው።

ዲቪ የደረሳችሁ፣ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ የጎረቤታችን የሜሪላንድ ግዛት ግን 15 ነው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ «በሳምንት ስንት ሰዓት ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትልልቅ ድርጅቶች በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንስ እንዲያቀርቡ ሕጉ ስለሚጠብቅባቸው፣ 28 እና 29 ላይ የሚያቆሟችሁ አሉ። የሚቀበላችሁ ዘመድም የዲሴምበሩን ቼክ አሳይቶ እንዳያማልላችሁ፤ የጃንዋሪውን አሳየኝ በሉትና የምትከራዩትን ቤት በዚያ ልክ ፈልጉ።