የቀለም ስም እንዲህ ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም ነበር

ሜሪላንድ ውስጥ ቀለም መሸጫ ሱቅ ስራ ስገባ ሰማያዊ አረንጓዴ ምኑ ይከብዳል ብዬ ነበር። ግን "ስካይ ብሉ" ባልኩ ቁጥር ደንበኛው ፊቱን ቋጠር አርጎ ድጋሚ ያስብለኛል፣ አንዷ ሴትዮማ የቀለም ናሙና ካርዱ ላይ ጣቷን ቀስራ ይሄን ማለትህ ነው? አለችኝ፣ ኧረ አፈርኩ።

ማታ ድምፄን ስልኬ ላይ ቀድቼ ከዲክሽነሪ አፑ ጋር አስተያየሁት። ለካ ብሉ እነሱ ጋ አንድ ሲላብል (ባንዴ የሚባል የቃል ክፍል) ነው፣ ብ እና ሉ ተጣብቀው ነው የሚወጡት፣ እኔ ደሞ "ብርሃን" ላይ እንዳለው ብ ትንሽ ድምፅ እጨምርበትና ሁለት አደርገዋለሁ። ስካይም ላይ እንደዛው፣ ሁለት ሲላብል የነበረው ስካይ ብሉ እኔ ጋ አራት ሆኖ ቁጭ! ጠረጴዛ እየመታሁ ነው ያስተካከልኩት፣ አንድ ምት ለአንድ ሲላብል (ባለቤቴ አበድክ እንዴ ብላኛለች)።

ጉዱ ያለው ስትረስ (አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ማለት) ላይ ነው። "ዘ ዎል ኢዝ ዳርክ ብሉ" (ግድግዳው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው) ሲሉ ብሉ ላይ ይጫናሉ፣ "ኤ ዳርክ ብሉ ዎል" ሲሉ ግን ዎል ራሱ ስትረስ ስላለው ከብሉ ጋር እንዳይጋጭ ጫናው ወደ ዳርክ ይሸሻል። እኔ አንዱን ሸምድጄ ሁሉም ቦታ እሱኑ ነበር የምለው። ደሞ ሱቅ ውስጥ "ላይት ብሉ ነው ዳርክ ብሉ?" ብለህ ስታማርጥ የሚለያዩት ላይትና ዳርክ ስለሆኑ ጫናው እነሱ ላይ ነው፣ ዎል ኖረም አልኖረም።

እኔ የገባኝ በኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። "ገና" ሲላላ ሰዓቱ አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ፣ ጽሁፉ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም፣ ጆሯችን ነው የሚለየው። የነሱም ስትረስ አይጻፍም። ዋይት ሃውስ ሲሉ ዋይት ላይ ከተጫኑ የፕሬዝዳንቱ ቤት ነው፣ እንዲሁ ነጭ ቤት ለማለት ከሆነ ሃውስም እኩል ይጫናል እንዲያውም ይበልጣል። ይሄን ሳላውቅ በፊት ነጭ ቤቱን ድጋሚ ሊቀባ ቀለም የሚገዛ ሰውዬ መጥቶ ለዋይት ሃውስህ ስንት ጋሎን ትፈልጋለህ ብየው ዋይት ላይ ተጭኜ፣ ሰውዬው በሳቅ ሞተ፣ "እዛማ ገና አልመረጡኝም" አለኝ።