ላሟ ደመና ላይ ስትሆን

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ክላውድ («ደመና»፤ ፋይል በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት) ከመምጣቱ በፊት የተነገረ መሆኑ ይገርመኛል። ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ የሒሳብ ሠንጠረዡ፣ የዓመታት መልእክቱ ሁሉ «ክላውድ ላይ ነው» ይባላል። መኖሩን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ላሟን ማውረድ ሲያስፈልግ በየት በኩል እንደምትወርድና ስትወርድ ምኗ እንደሚጎድል ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስንከራከር ወሬው ቶሎ ወደ ጠባይ ይዞራል፤ ይኼኛው ደግ፣ ያኛው ስግብግብ። ኩባንያን እንደ ሰው ማመንም መጥላትም ብዙ አይጠቅምም። ቃል የገባው ሥራ አስኪያጅ ይለቃል፣ ድርጅቱ ይሸጣል፣ የአገልግሎት ውሉ ውስጥ «በማንኛውም ጊዜ ልንቀይረው እንችላለን» የምትለው አንቀጽ አንድ ቀን ሥራዋን ትሠራለች። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ ቢዘጋ እጄ ላይ የሚቀረውን ፋይል ሌላ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል?

ሁለት አገልግሎቶች የተዘጉበትን መንገድ ጎን ለጎን ላስቀምጥ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጉግል ሪደር፣ የድረ ገጾችን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ የሚያስነብብ አገልግሎት፣ ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። ጩኸቱ ብዙ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ያን ያህል አልነበረም። አገልግሎቱ ከሥር የሚሠራው በአርኤስኤስ (ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፉን በሚያሰራጭበት ክፍት ፎርማት) ስለነበር ሰው የሚከታተላቸው ድረ ገጾች የትም አልሄዱም፤ ዝርዝሩም ኦፒኤምኤል በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይወጣ ነበር። ያን ፋይል አውርዶ ሌላ አንባቢ ውስጥ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሪቮልቭ ግን ሌላ ነው። የቤት መብራትና የበር ቁልፍ ከስልክ የሚያዝ፣ 300 ዶላር የሚሸጥ ሳጥን ነበር፤ ኔስት የተባለ ኩባንያ በ2014 ገዛውና ሜይ 15 ቀን 2016 ሰርቨሩን (ሳጥኑን ከሩቅ የሚያዘውን ኮምፒውተር) አጠፋው። ሳጥኑ አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፤ የሚያዘው ሰርቨር ስለሌለ ብቻ ሞተ። ኔስት የጉግል ቤተሰብ ስለሆነ ሁለቱም ውሳኔ ከአንድ ቤት የወጣ ነው። አንዱን ተጠቃሚ ያተረፈው የፋይሉ ዓይነት ነው።

«ክፍት ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ደንብ) እንጠቀማለን» መባሉም ለብቻው አያስተማምንም። የጉግል የመልእክት መለዋወጫ ጉግል ቶክ በ2005 ሲወጣ ኤክስኤምፒፒ የተባለውን ክፍት የመልእክት ፕሮቶኮል ይዞ ነው የወጣው፤ በዓመቱ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ተገናኘና የራሱን ሰርቨር የተከለ ሰው ከጉግል ተጠቃሚ ጋር ያወራ ጀመር። በ2013 ሃንግአውትስ ሲተካው ያ ግንኙነት ቀረ። ሰው ሲያጥር በር ይከፈታል፣ ሰው ሲሞላ ይዘጋል። ዛሬም ዋትስአፕ መልእክት የሚመሰጥረው በይፋ በታተመው የሲግናል ፕሮቶኮል ነው፤ ሲግናል ከተባለው የመልእክት አፕ ተጠቃሚ ጋር ግን አያገናኝም። ምስጠራው ሲታተም እሰየው እላለሁ፤ መፈተኛው ግን እኔ ከአንዱ ድርጅት ሰርቨር ለሌላው ድርጅት ደንበኛ መጻፍ መቻሌ ነው። ኢሜይል ይህን ፈተና ያልፋል፤ የኢሜይል መላኪያ ደንቡ ኤስኤምቲፒ ከ1982 ጀምሮ አለ፣ እስካሁንም ማንም ለብቻው ሊዘጋው አልቻለም።

ወደ ሰነድ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ዶክስ (የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል) ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው፤ በ2008 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) አይኤስኦ 29500 ተብሎ ጸድቋል። ሰነዱ ከ6,000 ገጽ ይበልጣል። ውስጡ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ጥብቅ፣ ሌላው «ሽግግር» የሚባልና የድሮ ፕሮግራሞችን አመል ሁሉ ተሸክሞ የመጣ። ወርድ ሳይነኩት የሚያስቀምጠው በሁለተኛው ነው። እዚያ ውስጥ «ክፍተቱን እንደ ወርድ 95 አድርግ» ዓይነት ትእዛዝ ይገኛል። ወርድ 95ን ያልጻፈ ሰው ይህን እንዴት አድርጎ ይፈጽመው?

ከዚህ ሁሉ የሚያስቀኝ ግን የኤክሴል ቀን ነው። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በሚቆጠር ቁጥር ነው። አንድ ሕዋስ ላይ 60 ጽፈው ቅርጹን ወደ ቀን ይቀይሩት፦ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ይላል። እንዲህ ያለ ቀን ኖሮ አያውቅም፤ በ100 ተካፍሎ በ400 የማይካፈል ዓመት ተጨማሪ ቀን የለውም። ስሕተቱ የሎተስ 1-2-3 (ከኤክሴል በፊት የነበረ የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ነበር፤ ኤክሴል የሎተስን ፋይሎች ለመክፈት ሲል አብሮ ወሰደው፣ ከዚያም ስታንዳርዱ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ዛሬ የሠንጠረዥ አንባቢ የሚጽፍ ሰው ያልነበረውን ቀን ማስተናገድ ግዴታው ነው። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ስታንዳርድ የሚል ማኅተም ስላረፈበት ብቻ ፋይሉ ከፈጠረው ፕሮግራም ነጻ አይወጣም።

ተቃራኒውን ወገን ደግሞ ማስዋብ አልፈልግም። ኦዲኤፍ፣ የወርድና የኤክሴል ፋይል ክፍት ተፎካካሪ፣ በ2006 አይኤስኦ 26300 ሆኖ ጸድቋል፣ ለማንበብም ይቀላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ 1.0 እና 1.1 የሠንጠረዥ ቀመር እንዴት እንደሚጻፍ በቅጡ አልደነገጉም። ይህ የተሟላው በ1.2፣ በ2011 ነው። ለሠንጠረዥ ፋይል ያለ ቀመር ምን ይተርፈዋል? ለዚህ ነው ክፍት የሚባል ነገር ሲመጣ ሁለት ነገር የምፈልገው፦ መግለጫው ማንም አውርዶ የሚያነበው መሆኑን፣ እና ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች ያንን ብቻ አንብበው የሚሠራ ፕሮግራም መጻፋቸውን። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

የግዕዝ ፊደል ራሱ የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የሚሠሩት በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ የእኛን ቅርጽ በማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ኮድ ብቻ ነው፤ «ሀ» መሆኑን የሚያውቀው ፎንቱ ነው። እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ደግሞ የራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ 256 ቦታ ለፊደሉ ስለማይበቃ አንዳንዱ በሁለት ሦስት ፎንት ከፋፈለው። የዚያ ዘመን ሰነድ ዛሬ ሲከፈትና ፎንቱ ሲጠፋ የሚታየው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ፍርስራሽ ነው። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ቁልፉ ነው የጠፋው።

እንዲህ ያለ ፋይል የገጠመው ሰው የመጀመሪያ ስሕተቱ ጽሑፉን ቀድቶ ወደ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጫ መለጠፉ ነው። በዚያች ቅጽበት የፎንቱ ስም ይጠፋል፣ ከእሱ ጋርም የትኛው የመቀየሪያ ሠንጠረዥ እንደሚያስፈልግ። ትክክለኛው መንገድ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ መያዝ፣ ቅጂውን በዶክስ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መጨረሻውን ወደ ዚፕ ቀይሮ መክፈት ነው፤ ዶክስ ዚፕ የተደረገ የጽሑፍ ፋይሎች ክምችት ነው። ውስጡ የፎንቶች ዝርዝር የያዘ ፋይል አለ፣ እያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭም በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ተመዝግቧል። መቀየሪያው መንካት ያለበት በዚያ ፎንት የተጻፈውን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ካለፈበት በመሐል ያለው እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃል ተቀይሮ ትርጉም አልባ ፊደል ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ቢጠፋበት ባዶ ሳጥን ያሳያል፣ ሌላ ፎንት ሲገጠምለት ይመለሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

(ከዩኒኮድ በኋላም ቢሆን ሲኤስቪ የተባለውን ተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል በሁለት ጠቅታ ኤክሴል ውስጥ ከፍተው አማርኛው የተበላሸባቸው ብዙ ናቸው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መጻፉን የሚነግረው ምልክት ከፊቱ ስለሌለ ኤክሴል በሌላ ኮድ ያነበዋል። ከዳታ ማስገቢያው ገብቶ ዩቲኤፍ-8 መምረጥ ይበቃል፤ የስልክ ቁጥሩን ዓምድ እዚያው «ጽሑፍ» ካላሉት ደግሞ መነሻዋ ዜሮ ትበላለች።)

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው የሚለውም አይዋጥልኝም። ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የድረ ገጾችን ግንኙነት በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ከማርች 2012 እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ሁሉም ሊያየው እየቻለ ተቀምጧል። በማርች 2024 የተያዘው የኤክስዜድ (የፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም) ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ አንድ የማይታወቅ ሰው ዓመታት ፈጅቶ አመኔታ አተረፈና በ5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የኋላ በር (ስውር መግቢያ) አስገባ። የተንኮሉ አንድ ክፍል ኮዱ በሚታይበት ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለሥርጭት በታሸገው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ኤስኤስኤች፣ ማለትም ወደ ሰርቨር ከሩቅ መግቢያው፣ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየብኝ ብሎ ሲፈልግ ነው። የማይክሮሶፍት ሠራተኛ መሆኑን ልብ ይሏል! ዝግ ኮድ ቢሆን ኖሮ መዘግየቱን ያስተውል ነበር፤ መንስኤውን ቆፍሮ ማውጣት ግን አይችልም ነበር። ክፍትነት የሚሰጠው የማየት መብትን ነው፤ አንድ ሰው አይቶታል ማለት አይደለም።

የክፍት ኮድ ሁለተኛው ጥቅም ኩባንያው ሐሳቡን ሲቀይር ነው የሚታየው። ሃሺኮርፕ የተባለ ኩባንያ በኦገስት 2023 የሰርቨር ማደራጃ ፕሮግራሙን የቴራፎርምን ፈቃድ ሲያጠብቅ የቀድሞው ኮድ በቀድሞው ፈቃድ ስላለ ሌሎች ከዚያው ኮድ ቀጠሉና ኦፕንቶፉ ተወለደ፤ ሬዲስ የተባለው የዳታ ማከማቻ በማርች 2024 ተመሳሳይ ሲያደርግ ቫልኪ ተነሣ። አዶቢ በ2013 ፕሮግራሞቹን ወደ ኪራይ ሲያዞር ግን ደንበኛው ወይ ይከፍላል ወይ በድሮው ይቆያል እንጂ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

አሁን ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላ ስለ አወጣጡ። ኢሜይል ላይ ትልቁ ቁም ነገር አድራሻው በራስ ዶሜይን (በራስ በተመዘገበ የኢንተርኔት ስም) መሆኑ ነው፤ ያኔ አገልግሎት ሰጪው የሚቀየር ዕቃ ይሆናል። ከመዛወሩ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ የኤምኤክስ መዝገቡን (ደብዳቤ ወደየት ሰርቨር እንደሚሄድ የሚነግረውን) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያስታውሱበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ ማውረድ ያስፈልጋል፤ የነበረው 86,400 ከሆነ ዓለም አሮጌውን አድራሻ ለአንድ ቀን ሙሉ ያስታውሳልና። ከዚያ የድሮውን ደብዳቤ አይማፕሲንክ በተባለው የደብዳቤ መገልበጫ ፕሮግራም መቅዳት፣ ኤምኤክሱን መቀየር፣ በማግሥቱ አይማፕሲንክን አንዴ መድገም። ከጂሜይል የሚወጣ ሰው «ሁሉም ደብዳቤ» የሚለውን ማኅደር በመጨረሻ ማድረግና ቀድሞ የተገለበጠው እንዳይደገም ማዘዝ አለበት፤ አለበለዚያ ሌብሎቹ (የደብዳቤ መለያ ምልክቶቹ) እንደ ማኅደር ስለሚታዩ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገለበጣል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም ደብዳቤ መላክ የሚፈቀድለትን የሚዘረዝር መዝገብ) ላይ ነው፤ የአዲሱን አገልግሎት መስመር ከአሮጌው ጎን ለብቻው ይጨምራል። ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ሲገኝ ተቀባዩ ሁለቱንም ስሕተት ይላቸዋል። በአንድ መስመር መዋሐድ አለባቸው።

ፎቶ ይከብዳል። ከጉግል በቴክአውት (በዳታ ማውረጃው) ሲወርድ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ጄሰን የሚባል የጽሑፍ ፋይል አብሮ ይመጣል፤ በአገልግሎቱ ላይ የታረመ ቀን፣ የተጻፈ መግለጫ እዚያ ነው ያለው፣ ፎቶው ውስጥ አይደለም። ጄሰኑን «ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚያጠፋ ብዙ ነው። የታሸጉት ክፍሎች ሁሉ መጀመሪያ አንድ ማኅደር ውስጥ መፈታት አለባቸው፤ ፎቶውና ጄሰኑ በተለያየ ክፍል ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ ኤግዚፍቱል በተባለ ፕሮግራም ቀኑን ወደ ፎቶው መጻፍ። ሰዓቱ የተመዘገበው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ የሰዓት ቀጠናው ካልታሰበ የምሽት ፎቶ ወደ ሌላ ቀን ይሄዳል። ረጅም የፋይል ስም ሲሆን የጄሰኑ ስም ስለሚቆረጥ የማይገጣጠሙ ይቀራሉ፤ እነሱን በእጅ ነው።

ዝግ ሶፍትዌር አልጠቀምም የሚል መሐላ የለኝም። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ዝግ ቢሆን ጥሬው ቀረጻና ያለቀው ሥራ በሚታወቅ ፎርማት ካሉ የፕሮጀክቱ ፋይል ቢጠፋ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የማልደራደረው ቁልፎች ላይ ነው። የሁለተኛ ማረጋገጫ ባለ 6 አኃዝ ኮድ አርኤፍሲ 6238 በተባለ የታተመ የኢንተርኔት ሰነድ ላይ የተደነገገ ነው፤ አንድ ምስጢር ከሰዓቱ ጋር በየ30 ሰከንዱ ይቀመራል፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ስለዚህ ኪውአር ኮዱ ሲመጣ «መቃኘት አልቻልኩም» የሚለውን ነክቶ ምስጢሩን በጽሑፍ ማውጣትና ኪፓስ በተባለው የፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ ማኖር፣ ከዚያ ሁለት አፕ ላይ አስገብቶ በአንድ ጊዜ ማወዳደር ይቻላል። ኮዶቹ ከተለያዩ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ መሣሪያ ሰዓት ተዛብቷል።

ፓስወርዶችን ከአንድ ማስቀመጫ ወደ ሌላ በሲኤስቪ ሲያዛውሩ ፓስኪዎች (ያለ ፓስወርድ የሚያስገቡ ቁልፎች) አብረው አይወጡም፤ አሮጌው ከመጥፋቱ በፊት በየአካውንቱ አዲስ መመዝገብ ግድ ነው። ሲኤስቪው ራሱ ያልተመሰጠረ ጽሑፍ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከማስቀመጥዎ በፊት ያ ዴስክቶፕ በራሱ ከክላውድ ጋር የሚመሳሰል መሆን አለመሆኑን ይዩ፤ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ሳይጠየቁ የተከፈተ ነው፤ ፋይሉን በኋላ ቢያጠፉትም ቅጂው እላይ ቅርጫት ውስጥ ለቀናት ይቆያል።