ጎማዋን ሳላይ ያቀድኩት ቅዳሜና እሑድ

አርብ ጠዋት ነው። ፎቶዎቹ ገና ከማርስ መግባታቸው ነው። የናሳ ሮቨር (ጎማ ያላት ሮቦት) የሆነችው ኪዩሪዮሲቲ ተጉዛ የቆመችው ለቀናት ዓይኔን የጣልኩበት ድንጋይ ፊት ነው፤ ስስ ንጣፎች አሉት፣ በመሃላቸው ነጭ መስመር እንደ ደም ሥር ያልፋል። እኔ ዕቅዱን ቀድሜ ጨርሻለሁ። ክንዷን ትዘረጋለች፣ አቧራውን በብሩሽ ትጠርጋለች፣ ከቅርብ ፎቶ ታነሳለች፣ ከዚያ ሌሊቱን በኤክስሬይ መሣሪያዋ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ ትለካለች። ቅዳሜና እሑድ ስለማንሠራ የአርቡ ዕቅድ የሦስት ቀን ነው፣ ሁሉንም እዚያው አጭቄዋለሁ።

ከምድር ሆነው ጉዞዋን ከሚያቅዱት ነጂዎች አንዷ ፎቶውን አጉልታ አሳየችን። የፊት ቀኝ ጎማዋ ጡጫ በሚያህል ድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጥቷል።

"ዛሬ ክንድ የለም" አለች።

ልክ ናት። ሮቨሯ 900 ኪሎ ገደማ ነች። ክንዷ ድንጋዩን ነክቶ ሳለ ጎማው ቢንሸራተት መሣሪያዎቹ ሊሰበሩ ይችላሉ፣ የሚጠግናቸው ደግሞ የለም። ስለዚህ ስድስቱም ጎማዎች መርጋታቸው ሳይረጋገጥ ክንድ አይንቀሳቀስም። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ዕቅድ አላዘጋጀሁም ነበር፣ እና ትእዛዙ ለመላክ የቀረን ጥቂት ሰዓት ነው።

ያተረፈን ድንጋይን ከሩቅ መትቶ ከምን እንደተሠራ የሚያሳየን ሌዘሯ ነው። እስከ 7 ሜትር ድረስ ስለሚተኩስ ክንድ አይፈልግም። ነጩን መስመር በሌዘር እንምታው ተባባልን። ለክንዱ ሞተሮች ማሞቂያ የተያዘው ኃይልም ተርፎልናል፣ እሱን ለፎቶ አዋልነው። ኃይል ቀልድ አይደለም፤ የፕሉቶኒየም ምንጯ እ.ኤ.አ. በ2012 ስታርፍ የሚሰጣት 110 ዋት አካባቢ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው የሄደው፣ ባትሪዋ እንዲሞላ ብዙ ሰዓት መተኛት አለባት።

አሁን ሮቨሯ ከመነዳቷ በፊት ሁለት ዕቅድ እጽፋለሁ፣ አንዱ ከክንድ ጋር፣ አንዱ ያለ ክንድ። ዒላማ ከመምረጤ በፊት ደግሞ ጎማዎቹ የት እንደሚያርፉ ነጂዎቹን እጠይቃለሁ፤ ለእኔ ያማረ ድንጋይ ዙሪያው ጠጠር የሞላበት ከሆነ ቀድመው ይነግሩኛል። የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ስለሆነ የማርስና የእኛ ሰዓት እየተላለፈ ይሄዳል፣ አንዳንዴ የጉዞው ፎቶ የሚደርሰን የሥራ ቀናችን ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ሳምንት ሁለተኛው ዕቅድ ከሌለ አንድ ሙሉ ቀን ባዶውን ያልፋል፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ ትንሽ ፈቀቅ አደረግናት። ረቡዕ ክንዱን አዘዝን። በሚቀጥለው አርብ ፎቶው ሲገባ በቀዩ አቧራ መሃል ብሩሹ የጠረገው ክብ ቦታ ግራጫ ሆኖ ታየ፣ ነጩም መስመር መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል።