የንግድ በር እንዲከፈት ስንወተውት፦ አራት ኪሎ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ ከውጭ አስመጥተው ልብስ የሚሰፉ አነስተኛ ድርጅቶችን በሚያሰባስብ ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት ሳገለግል፣ የግብዓት ቀረጥ እንዲቀንስና የአፍሪካ ገበያ በተግባር እንዲከፈትልን የምናደርገውን ጉትጎታ እንዳስተባብር ኃላፊነት ተሰጠኝ። አሜሪካ ኢትዮጵያን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ዕድል) ካስወጣቻት በኋላ የአባሎቻችን ተስፋ ወደ አህጉሪቱ ገበያ ዞሮ ነበር። ይህን የምጽፈው፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚነሣ ማኅበር እኛ ያለፍንበትን ዙሪያ ጥምጥም ሳያውቀው እንዳይገባበት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፍን፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው የንግድ ምክር ቤት በኩል ድጋፍ ጠየቅን፣ ከዚያም አራት ኪሎ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ በተጠራ ውይይት ላይ ቀርበን ተናገርን። በአክብሮት ተደመጥን። ከስብሰባው በኋላ ግን አንድ የምክር ቤት አባል ወደ ጎን ወሰድ አድርገው፣ «የእናንተ ጥያቄ እኮ እዚህ ረቂቅ ውስጥ የለም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ያጸድቃል፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትንም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አጽድቋል። የታሪፉ መጣኔ ግን የሚወሰነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሲሆን፣ ነጋዴውን በየቀኑ የሚያስረው ወይም የሚፈታው ዝርዝር ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በሚያወጡት መመሪያ ይወጣል። የውጭ ባለሀብቶች በገቢ፣ በወጪ፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲሳተፉ የተፈቀደው በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ የተለወጠውም በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። የምክር ቤት አባላትን ብቻ የሚወተውት ማኅበር ትልቁ በር በሌላ በኩል ሲከፈትና ሲዘጋ አያይም።

ነገሩ የተበላሸብን እዚህ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የግብዓት አስመጪዎችን የሚመለከት መመሪያ እያረቀቀ መሆኑን የሰማነው ከአንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) እንጂ ከመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ረቂቁ እንዲሰጠን በደብዳቤ ጠየቅን። መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ዳይሬክቶሬቱ መራው፣ ዳይሬክቶሬቱ ለባለሙያ መራው፣ ባለሙያው ደግሞ «ረቂቅ የውስጥ ሰነድ ነው» ብሎ በቃል መለሰልን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል፤ አዋጁን አትመን ይዘን ሄድን። «አዋጁን እኛም እናውቀዋለን» ተባልን። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መልስ ይህ ነው፤ ባያውቁት ኖሮ ቢያንስ ለማስረዳት እንሞክር ነበር።

ከዚያ በዋዜማው በስልክ ለውይይት ተጠራን። ረቂቁ በወረቀት አልታደለም፤ በስክሪን ላይ አንቀጽ በአንቀጽ እየታየ በችኮላ ታለፈ። እጃችንን አውጥተን የተናገርነው ጥቂት ደቂቃ ነበር፣ አወያዩ «ግብዓቱን ወስደናል» አሉ፣ ምሳ ተበላ፣ የስም መዝገብ ላይ ፈረምን። በኋላ በእጃችን በገባው ቃለ ጉባኤ ላይ «የግሉ ዘርፍ ተወያይቶ ደግፎታል» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን። ድጋፍ ተብሎ የተቆጠረው ያ የምሳ ዕለት ፊርማ ነበር። ያነሣነው ሐሳብ በመጨረሻው ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ የቅሬታ ደብዳቤያችንም መልስ አላገኘም።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው፤ አንዳንዱ ከሚነገራችሁ ጋር ይጋጫል። ረቂቁን አስቀድማችሁ ካላገኛችሁ፣ የስም መዝገቡ ላይ ከፊርማችሁ ጎን «ረቂቁ ቀድሞ አልደረሰኝም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ፤ ሰብሳቢው ቢቆጣም ጻፉ። መመሪያው ወጣ ሲባልም መመዝገቡንና በድረ ገጽ መጫኑን አጣሩ፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ እንደማይሆን ያው አዋጅ ይደነግጋል። «ታሪፉ ከብዶናል» የሚል ደብዳቤም ማንንም አያንቀሳቅስም። የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር ጥቀሱ፣ የአባሎቻችሁን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ ያቀረቡትን የዕቃ መግለጫ) አያይዙ፣ በቀረጡ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር) እና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደራረብ አንድ ሸሚዝ ላይ ምን እንደሚያርፍ አስልታችሁ አሳዩ።

«የግሉ ዘርፍ በአንድ ድምፅ ይናገር» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም። ከአባሎቻችን መካከል ራሳቸው ጨርቅ የሚያመርቱ ነበሩ፤ የውጭ ጨርቅ ቀረጥ እንዲቀንስ እነርሱ ለምን ይፈልጋሉ? አስማምተን ባቀረብነው ጽሑፍ ላይ ስማቸው ነበረበት፣ ከጀርባ ግን ስልክ ደውለው ተቃወሙት። አሁን ቢሆን ልዩነቱን በግልጽ ጽፌ፣ ክርና ዚፕ ላይ የተስማማነውን ብቻ በጋራ፣ ጨርቁን ደግሞ ለየብቻ አስገባው ነበር።

ወቅትን በተመለከተም፣ ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ ሁሉም በዚያ ጊዜ ይሯሯጣል። እኔ ክረምቱን እመርጣለሁ፤ ግንቦትና ሰኔ በበጀት የተጨናነቁ ናቸው፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ረቂቅ የሚያዘጋጀውን ባለሙያ ወንበሩ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ጊዜም ይሰጣችኋል።

የቀረን ጉዳይ የሥሪት አገር ደንቡ፣ ማለትም አንድ ዕቃ የየት አገር ምርት ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደንብ ነው። በነፃ የንግድ ቀጣናው ድርድር የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ደንብ ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ነው፤ ከእስያ በመጣ ጨርቅ አዲስ አበባ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ «አፍሪካዊ» ተብሎ የቀረጥ ቅናሽ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው ለእኛ ከማንኛውም የታሪፍ ቅናሽ ይበልጣል። በዚህ ላይ ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ለሚያረቅቁት ባለሙያዎችና ለቋሚ ኮሚቴው በአንድ ቀን አስገብተን፣ በሁለቱም ቅጂዎች ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን አስጽፈናል።