በአቮካዶ የተዘረርኩበት ዙር

ግንባሬ ላይ ያለውን እብጠት ለጠየቀኝ ሁሉ «በር መትቶኝ ነው» እያልኩ ሁለት ቀን ዋሸሁ። እውነቱን ላውጣው። የመታኝ አቮካዶ ነው። ለዚያውም ጥሬ።

ጥፋቱ የጓደኛዬ ነው። «ሀጂሜ ኖ ኢፖ» የሚባል የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ፊልም፣ በፍላሽ ሰጠኝ። የቦክስ ነው። እኔ ደግሞ ቦክስ ቀርቶ የበር መንኳኳት የሚያስደነግጠኝ ሰው ነኝ። «ሁለት ክፍል አይቼ እተኛለሁ» አልኩ። ዶሮ ጮኸ።

ኢፖ ዓይን አፋር ተማሪ ነው። እናቱ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባ ታከራያለች፣ እሱ ዕቃ እየተሸከመ ያግዛታል። የክፍሉ ጉልቤዎች ይደበድቡታል። አንድ ቀን ታካሙራ የሚባል ቦክሰኛ ያስጥለዋል። ልጁ ታዲያ «ልበቀላቸው» አይልም። «ጠንካራ መሆን ምን ዓይነት ስሜት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ እዚህ ላይ ተያዝኩ።

ክፋቱ ደግሞ ተጋጣሚዎቹም ያሳዝናሉ። ቮልግ የሚባል ሩሲያዊ አለ፣ የሚቦክሰው ለታመመች እናቱ ነው። ማንን ልደግፍ? ሁለቱም እንዲያሸንፉ ተመኘሁ። አንድ ዙር 3 ደቂቃ ነው ይላሉ፣ እዚያ ግን ቡጢው ተነስቶ አገጭ ላይ እስኪያርፍ ልጁ የልጅነት ትዝታውን ይጨርሳል። አቦሉን ጠጥተህ በረካው ላይ ስትደርስ ቡጢው ገና መንገድ ላይ ነው። ደራሲው ጆርጅ ሞሪካዋም ቢሆን አኒሜው የተሠራበትን ሥዕላዊ መጽሐፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን አልጨረሰም።

ወደ አቮካዶው ልመለስ። ታካሙራ ኢፖን ማሰልጠን ስላልፈለገ ከዛፍ የሚረግፍ 10 ቅጠል በእጅህ ያዝ ይለዋል። አንድ ሳምንት ይሰጠዋል። ልጁ ዛፉን በቡጢ እየነረተ፣ ቅጠል እያሳደደ ጃብ የሚባለውን ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ ይማራል። እኔስ ምን ይጎድለኛል? ግቢያችን የአከራዬ አቮካዶ አለ። ጉልበትም ከሆነ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ማታ ሁሉም ሲገባ እጄን በካልሲ ጠቀለልኩና ወጣሁ። መታሁ። ዛፉ ዝም። ደገምኩ። ጣቴ ተላጠ፣ ቅጠል ግን የለም። የጃፓኑ ዛፍ ለካ ተባባሪ ነበር።

ተናደድኩና ወደ ዴምፕሲ ሮል ተሻገርኩ። ይህ የኢፖ ትልቁ ምት ነው። ስሙ የተወሰደው ከ1919 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከነበረው አሜሪካዊ ከጃክ ዴምፕሲ ነው። ጭንቅላትህን በተጋደመ 8 ቁጥር ታወዛውዝና ከግራ ከቀኝ ታወርዳለህ። አወዛወዝኩ። በሦስተኛው ዙረት ግቢው አብሮኝ መወዛወዝ ጀመረ። በአራተኛው የልብስ ማስጫው ገመድ አንገቴን ያዘኝ። ላመልጥ ስል በትከሻዬ ግንዱን ገጨሁት። ከላይ አንድ ነገር «ቀሽ» አለ።

ከዚያ ጀርባዬ መሬት ላይ ነው።

«ዋን! ቱ! ስሪ!»

የአከራዬ የልጅ ልጅ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ በመስኮት ሲያየኝ ነበር። ሰባት ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ላይ አከራዬ የስልካቸውን መብራት ግንባሬ ላይ ተከሉ።

«ከማን ጋር ነው የምትደባደበው?»

«ከማንም ጋር እማማ። ስፖርት ነው።»

ካልሲ ያጠለቀ እጄን አዩ። ዛፉን አዩ። አቮካዶውን አነሱና አገላብጠው ጤንነቱን አረጋገጡ። የእኔን አልጠየቁም። «በስመ አብ!» ብለው ገቡ። ጠዋት በሬ ላይ በሃይላንድ ጠበል ተቀምጦልኝ አገኘሁ።

ልጁ ደግሞ ማታ ማታ እየመጣ «ጋሼ፣ ቀጣዩን ክፈተው» ይለኝ ጀመር። ትናንት እማማ ሊወስዱት መጡና በር ላይ ቆመው ቀሩ። ኢፖ ገመድ ላይ ተጠግቶ እየተወቀጠ ነበር። ቆይተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«የዚህ ልጅ እናት የት ሄዳ ነው?»

«ጀልባዋ ላይ ናት እማማ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ከሚያይ፣ አንዱ ሮጦ አይነግራትም?»